የፐርሴዎስን ቃል ማን ሰማ?

ለሥራ ጉዳይ ወደ አቴንስ በሄድኩበት ወቅት አንድ ትርፍ ቀን ተገኘና ከባልደረቦቼ ጋር ወደ ዴልፊ ወጣን። ሰው ወደ ዴልፊ የሚሄደው የአፖሎን መቅደስ ፍርስራሽ ለማየትና ከፓርናሰስ ተራራ ሥር ቆሞ ቁልቁል የወይራውን ሸለቆ ለመቃኘት ነው፤ እኛም የሄድነው ለዚያው ነበር። ሙዚየሙ ውስጥ ግን ብዙው ጎብኚ ሳይቆም በሚያልፍበት በኩል በእብነ በረድ ላይ የተቀረጸ የጦርነት ትዕይንት አየሁ። ጋሻ ከጋሻ ይጋጫል፣ ፈረሰኛው ይወረውራል፣ የወደቀው ይረገጣል። ከዚህ ሁሉ ግርግር መካከል ጋላቢ የሌለው አንድ ፈረስ ይታያል።

አስጎብኚያችን ነገሩን ባጭሩ ቋጨችው። ቅርጹ የሮማው አዛዥ ኤሚሊየስ ፓውሉስ የመቄዶንያን ንጉሥ ፐርሴዎስን ድል ላደረገበት ጦርነት የቆመ መታሰቢያ እንደሆነ፣ ምሰሶው ግን አስቀድሞ ለራሱ ለፐርሴዎስ ሐውልት የተዘጋጀ እንደነበር፣ ድል አድራጊውም ተሸናፊ ለአሸናፊ ቦታ ሊለቅ ይገባል ብሎ የራሱን ሐውልት እንዳስወጣበት ነገረችንና ወደ ታዋቂው የነሐስ ሠረገላ ነጂ መራችን። ያ ፈረስ ግን ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ድል ያደረገ ሰው በመታሰቢያው ላይ ጀግንነቱን ወይም የጠላቱን ውድቀት ማስቀረጹ የተለመደ ነው፤ የማንም ያልሆነ ፈረስ ከመሐል ምን ይሠራል? ይህን ጥያቄ ይዤ ስለ ፒድና ጦርነት የጻፉትን የጥንት ሰዎች ማገላበጥ ስጀምር፣ ጥያቄው ከፈረሱ አልፎ ወደ ንጉሡ ሄደ።

ለአማርኛ አንባቢ መቄዶንያ እንግዳ አገር አይደለችም። እስክንድርን ከግእዝ ድርሳናት ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ተሻግሮ እንዲረዳቸው በራእይ የተጠራው ወደ መቄዶንያ እንደሆነም ከሐዋርያት ሥራ አንብበናል። በእስክንድርና በጳውሎስ መካከል ያ ገናና መንግሥት ምን ዋጠው ብለን ግን እምብዛም አንጠይቅም። ጳውሎስ የረገጣት መቄዶንያ ንጉሥ የሌላት የሮማ ግዛት ነበረች፤ ያለፈባቸው አንፊጶልና ተሰሎንቄም ሮማውያን አገሪቱን አራት ቦታ ቆራርጠው ካቋቋሟቸው ዋና ከተሞች ሁለቱ ናቸው። የመጨረሻው ንጉሥ ፐርሴዎስ ነው።

ሮማና መቄዶንያ አራት ጊዜ ተዋግተዋል። በመጀመሪያው ጦርነት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ214 እስከ 205 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ ከልደት በፊት ናቸው)፣ የፐርሴዎስ አባት ፊልጶስ 5ኛ የሮማ ጠላት ከነበረው ከካርቴጁ የጦር መሪ ከሃኒባል ጋር ተዋውሎ ነበርና ሮማውያን ይህን ቂም አልረሱትም። በሁለተኛው፣ በ197፣ ኪኖስኬፋላይ በተባለው ኮረብታ ላይ አሸነፉት። አራተኛው ጦርነት በስተመጨረሻ ይመጣል። እኔን የያዘኝ ግን ከ171 እስከ 168 የተካሄደው ሦስተኛው፣ ከእርሱም የመጨረሻዋ አንዲት ሰዓት ናት።

አንድ ሰዓት ያልሞላ ጦርነት

ሁለቱ ሠራዊቶች ከፒድና ከተማ አጠገብ ተፋጠው ባደሩበት ሌሊት ጨረቃ ተጋረደች። ሮማውያን እንደ ልማዳቸው ነሐስ እያንኳኩ ችቦ ወደ ሰማይ አነሡ፤ በመቄዶንያውያን ሰፈር ግን ድንጋጤና ዝምታ ሰፈነ፤ ነገሩ የንጉሥ መጥፋት ምልክት ነው የሚል ሹክሹክታም ተሰማ። ሱልፒክየስ ጋሉስ የተባለ መኮንን ለሮማ ወታደሮች የግርዶሽን ምክንያት እንዳስረዳቸው ይነገራል። ለእኛ ይህ ግርዶሽ ሌላ ጥቅም ሰጥቶናል። የሮማውያን መዝገብ ጦርነቱን በሴፕቴምበር መጀመሪያ ያደርገዋል፤ በሥነ ፈለክ ስሌት ግን ግርዶሹ የታየው ጁን 21 ሌሊት ነው። ዓለምን ሊገዛ የተነሣው ሕዝብ የገዛ ቀን መቁጠሪያው ከሁለት ወር በላይ ተዛንፎበት ነበር ማለት ነው።

በማግሥቱ እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ሁለቱም ወገን መጀመርን አልፈለገም። ሜዳው ለመቄዶንያ ጦር የተመቸ ነበር። ፋላንክስ የሚባለው የመቄዶንያ ሰልፍ ሳሪሳ የተባለውን ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝም ጦር በሁለት እጁ የያዘ እግረኛ ጎን ለጎን ተጠጋግቶ፣ ረድፍ በረድፍ ላይ ተደራርቦ የሚሠራው የጦር ግድግዳ ነው። የፊተኞቹ አምስት ረድፎች ጦር ከግንባር አልፎ ስለሚወጣ፣ አንድ ሮማዊ በአጭር ሰይፉ ወደ አንድ መቄዶንያዊ ለመድረስ ብዙ የጦር ጫፍ ማለፍ ነበረበት። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 60 የተጠጋውና ብዙ ጦርነት ያየው ኤሚሊየስ፣ ከዚያ ሰልፍ ይበልጥ የሚያስፈራ ነገር በሕይወቱ እንዳላየ ሮም ከተመለሰ በኋላም ደጋግሞ ይናገር ነበር።

መጀመሪያ ላይ ግድግዳው የሚገታው አልተገኘም። ከሮማ ጎን የተሰለፉት የፔሊግኒ የተባሉ የጣሊያን ሰዎች አዛዥ የነበረው ሳልቪየስ የክፍሉን ዓርማ ነጥቆ ወደ ጠላት መሐል ወረወረው፤ ዓርማን ለጠላት ትቶ መሸሽ በእነርሱ ዘንድ ነውር ነበርና ወታደሮቹ ሊያስመልሱት ተወረወሩ። ሳሪሳውን በሰይፍ ሊቆርጡት፣ በጋሻ ሊገፉት፣ በእጃቸውም ይዘው ሊያጥፉት ሞከሩ፤ የጦሩ ጫፍ ግን ጋሻውንም ጥሩሩንም እየበሳ አለፈ። ሮማውያን ወደ ኋላው ኮረብታ ማፈግፈግ ያዙ። ፋላንክሱ ተከተላቸው፤ የተበላሸውም ያኔ ነው። መሬቱ ወጣ ገባ ሲሆን አንዱ ክፍል ቀደመ፣ ሌላው ዘገየ፣ ግድግዳውም ተሰነጣጠቀ። ኤሚሊየስ ሠራዊቱ በአንድነት መግፋቱን ትቶ በየስንጥቁ በትንንሽ ቡድን እንዲገባ አዘዘ። ከጎኑ የተደረሰበት ባለ ሳሪሳ ያንን ረጅም ጦር አዙሮ ራሱን ሊከላከል አይችልም፤ ጥሎት ትንሿን ሰይፍ ቢመዝም ከሮማዊው ሰይፍና ትልቅ ጋሻ ጋር አይመጣጠንም። 3,000 የሚሆኑት ምርጥ ወታደሮች በቆሙበት አለቁ። የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ሊቪ እንደሚለው ወደ 20,000 መቄዶንያውያን ሲሞቱ 11,000 ያህል ተማርከዋል፤ የሮማውያን ሙት ግን 100 ገደማ ነው ይባላል። በዘጠኝ ሰዓት ከቀትር በኋላ የተጀመረው ውጊያ ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ ተጠናቀቀ።

እንግዲህ ፈረሱ። ሊቪ እንደሚተርከው ከሁለቱ ሰፈሮች መካከል በሚፈሰው ወንዝ የሮማ ወታደሮች ከብት ሲያጠጡ አንድ የጭነት እንስሳ አምልጦ ወደ ማዶ ተሻገረ። ሦስት ሮማውያን ጉልበት በሚደርሰው ውኃ ተከትለውት ገቡ፤ ከፐርሴዎስ ጋር የተሰለፉ ሁለት የትሬስ ሰዎች ደግሞ ወደ ራሳቸው ወገን ሊጎትቱት ሞከሩ፤ ከእነርሱ አንዱ ሲገደል ጓደኞቹ ደም ለመመለስ ተነሡ፤ ጠቡ እየሰፋ ሄዶ ሁለቱን ሠራዊት ጎትቶ አስገባ። የኤሚሊየስን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ግሪካዊው ፕሉታርክ ግን ሌላም ወሬ ሰምቷል፤ ጠላት ጀማሪ እንዲሆንለት ፈልጎ ፈረሱን ሆን ብሎ ያስለቀቀው ራሱ ኤሚሊየስ ነው የሚሉ አሉ ይላል። እንስሳው አምልጦም ይሁን ተለቅቆ፣ በድል ሐውልቱ ላይ ቦታ ማግኘቱ አሁን ገባኝ። አጋጣሚ ከሆነ አማልክት ለሮማ አደሉ ያሰኛል፤ ዘዴ ከሆነ ደግሞ አዛዡን ብልህ ያሰኛል። ለአሸናፊ ሁለቱም ትርጓሜ ይስማማዋል።

ለተሸናፊው ግን እንዲህ ያለ ምርጫ አልተሰጠውም።

ንጉሡ የት ነበር?

የፐርሴዎስ ስም የጎደፈው በዚያች ሰዓት ነው። በዚያው ዘመን የኖረው ግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ እንደጻፈው፣ ፕሉታርክም ከእርሱ ወስዶ እንዳቆየልን፣ ጦርነቱ ገና ሲጀመር ንጉሡ ለሄርኩለስ መሥዋዕት ላቅርብ በሚል ሰበብ ፈረሱን አዙሮ ወደ ፒድና ገባ። ፕሉታርክ ይህን ከጻፈ በኋላ ሄርኩለስ ከፈሪ እጅ የፈሪ መሥዋዕት የሚቀበል አይደለም ብሎ ይዘልፈዋል። ከዚያ ወዲህ የመጡ ጸሐፊዎች አብዛኞቹ ይህንኑ ተቀብለው ዘልቀዋል።

ነገር ግን ራሱ ፕሉታርክ እዚያው ላይ ሌላ ምስክር ይጠራል። ፖሲዶኒየስ የተባለ፣ በዚያ ዘመን እንደኖረና ከነገሩ እንደነበረበት የሚናገር፣ ስለ ፐርሴዎስም ብዙ ክፍል ያለው ታሪክ የጻፈ ሰው ነው፤ በዚሁ ስም የሚታወቀው ፈላስፋ ከጦርነቱ በኋላ የተወለደ ሌላ ሰው ነው። በፖሲዶኒየስ ቃል መሠረት ንጉሡ በዋዜማው ፈረስ እግሩን ረግጦት ታምሞ ነበር። ወዳጆቹ ቢከለክሉትም የጭነት ፈረስ አስመጥቶ ወጣበት፤ ጥሩር ሳይለብስ ወደ ፋላንክሱ መሐል ገባ። ከወዲያና ከወዲህ ከሚወረወረው መካከል ሁለመናው ብረት የሆነ ጦር መጣበት፤ ጫፉ አልወጋውም፤ ነገር ግን ግራ ጎኑን ታክኮ ሲያልፍ ቀሚሱን ቀደደው፤ ሥጋውም ላይ ለብዙ ጊዜ ያልጠፋ የቀላ ሰንበር ተወለት።

ንባቤን ያቆምኩት እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት፤ በአንደኛው ቃል ከተማ ገብቶ መሥዋዕት ያቀርባል፣ በሁለተኛው በጭነት ፈረስ ላይ ያለ ጥሩር ከጦሩ መሐል አለ። ስለ ሰንበሩ ብዙ አሰብኩ። የውሸት ጀግንነት የሚፈጥርለት ባለሟል ቢሆን ኖሮ ቁስል ይሰጠው ነበር እንጂ ለምን የማይወጋ ጦር ይሰጠዋል? ለምንስ በንጉሥ ፈረስ ፋንታ በጭነት ፈረስ ላይ ያስቀምጠዋል? ደግሞም ምልክቱ ለብዙ ጊዜ እንዳልጠፋ መናገር የሚችለው ከጦርነቱ በኋላ ንጉሡን በቅርብ ያየ ሰው ነው። በሌላ በኩል ግን አሳማኝ ውሸት የሚሠራው በዚህ ዓይነቱ ጥቃቅን ነገር መሆኑን አልዘነጋም፤ ፕሉታርክም ፖሲዶኒየስ ለፐርሴዎስ ጥብቅና እንደቆመ ሳይጠቁም አላለፈም።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ የሄርኩለስ መሥዋዕት ነው። በዚያው ዕለት ጠዋት ኤሚሊየስም ለሄርኩለስ ሲሠዋ ነበር። ፕሉታርክ እንደሚለው 20 በሬ ድረስ ታርዶ ምልክቱ አልቀና አለ፤ በ21ኛው ነው የቀናው። እስከዚያ ድረስ ጦሩ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ኤሚሊየስም ፀሐይዋ አዘቅዝቃ የወታደሮቹን ዐይን እስክትለቅ ጊዜ መግዛት ይፈልግ እንደነበር ተጽፏል። በአንድ ቀን ለአንድ አምላክ ሁለት የጦር መሪዎች ሠዉ፤ የአንደኛው ትዕግሥትና ብልኃት ተባለ፣ የሌላው ፍርሃት ተባለ። ፕሉታርክ ልዩነቱን ሲያስረዳ ኤሚሊየስ ጦር በእጁ ይዞ እየተዋጋ ስለጸለየ ነው ይላል። መልካም፤ ነገር ግን ፐርሴዎስ ከውጊያው መሐል አልነበረም የሚለው ራሱ አከራካሪው ነጥብ አይደለም ወይ? በአገራችን ሽምግልና ከሳሽ ተናግሮ ሲጨርስ ሽማግሌው ወደ ተከሳሹ ዞሮ «አንተስ ምን ትላለህ?» ሳይል አይፈርድም። በዚህ ጉዳይ ግን የተከሳሽ ወገን ምስክር መጽሐፍ እንዳለ ጠፍቷል፤ የቀረልን ባለጋራው ወገን ጠቅሶ ያለፈው ጥቂት መስመር ብቻ ነው።

ፐርሴዎስን ነጻ ላወጣው እየሞከርኩ አይደለም። የማልክደው ማስረጃ አለ፤ እርሱም ፈረሰኛው ጦር ነው። እግረኛው ሲታረድ የመቄዶንያ ፈረሰኛ ሳይነካ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አመለጠ፤ ንጉሡም አብሮ ነበር። ከእልቂቱ የተረፉ እግረኞች በመንገድ ላይ ሲደርሱባቸው ፈሪ፣ ከሐዲ እያሉ ከፈረስ ጎትተው ያወርዷቸውና ይደበድቧቸው ነበር። ፐርሴዎስ ፈርቶ ከዋናው መንገድ ወጣ፤ እንዳይታወቅ ወይን ጠጅ ካባውን አውልቆ ከፊቱ አስቀመጠ፣ ዘውዱን በእጁ ያዘ። ከዚያም ከወዳጆቹ ጋር እየተነጋገረ ለመሄድ ወርዶ ፈረሱን ይጎትት ጀመር። ወዳጆቹ ግን አንዱ የጫማዬን ማሰሪያ ላጥብቅ፣ አንዱ ፈረሴን ውኃ ላጠጣ፣ አንዱም ውኃ ጠማኝ እያለ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ቀርተው ጠፉ። ይህ የሽሽት ታሪክ እውነት ይመስለኛል። ጥያቄዬ መሸሹ ላይ አይደለም፤ የሸሸው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው ወይስ ሳይጀመር? በመጀመሪያው ብዙ ነገሥታት የሚጋሩት ሽንፈት ነው፤ በሁለተኛው ደግሞ ክሕደት ነው። የፐርሴዎስ ስም በታሪክ ውስጥ የቆመው በሁለተኛው ነው።

ያልወጣው ገንዘብ

ሁለተኛው ክስ ንፉግነት ነው፤ ይኸኛው ይበልጥ ይከብዳል፤ ቁጥር አለውና። የኢሊርያው ንጉሥ ጌንትየስ ከፐርሴዎስ ጎን እንዲሰለፍ 300 ታላንት (የጥንት የገንዘብ ክብደት መለኪያ ነው) ተስፋ ተሰጠው። 10 ታላንት በቅድሚያ ደረሰው፤ ቀሪው ታሽጎ በመንገድ ላይ ቀስ ብሎ እንዲጓዝ ታዘዘ። ጌንትየስ ገንዘቡ እየመጣ ነው ብሎ የሮማን መልእክተኞች ሲያስር፣ ፐርሴዎስ ሰውየው ከእንግዲህ ወዲያ ከሮማ ጋር ሊታረቅ አይችልም ብሎ ገንዘቡን አስቀረው። ከዳኑብ ወንዝ ማዶ የመጡት ባስታርኔዎችም 10,000 ፈረሰኛና 10,000 እግረኛ ይዘው ቀረቡ፤ የተዋዋሉትን ወርቅ ሲጠይቁ ንጉሡ ዋጋ ይከራከር ገባ፤ እነርሱም ወደ መጡበት ተመለሱ። አበው ስለ ስግብግብ ሲናገሩ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ፤ የፐርሴዎስ ነገር ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ የብብቱን አጥብቆ ይዞ ቆጡ ሲቃጠል ቆሞ አየ።

የዚህ ሁሉ ገንዘብ መጨረሻ ታወቀ። በ167 ሮም ላይ ሦስት ቀን የፈጀ የድል ሰልፍ ተደረገ። ፕሉታርክ እንደዘረዘረው በሁለተኛው ቀን 3,000 ሰዎች 750 ማድጋ ሙሉ የብር ሳንቲም ተሸክመው አለፉ፤ እያንዳንዱ ማድጋ ሦስት ታላንት ይዞ ለአራት ሰው ሸክም ነበር። በሦስተኛው ቀን 77 ማድጋ ወርቅ ተከተለ፤ ከዚያም የፐርሴዎስ ሠረገላ፣ ትንንሽ ልጆቹ፣ በመጨረሻም ጥቁር የለበሰው ንጉሥ ራሱ። ግምጃ ቤቱ ከመሙላቱ የተነሣ የሮማ ዜጎች ለጦርነት የሚከፍሉት ግብር ተቋርጦ እስከ 43 ድረስ አልተጠየቀም።

ታዲያ ይህን ያህል ሀብት ይዞ ለምን አላወጣውም? ንፉግ ስለነበረ ነው የሚለው መልስ አያረካኝም። ወደ ጦርነቱ መጀመሪያ ስመለስ ሌላ ሰው ይታየኛል። ገና ውጊያ ሳይከፈት ማርክየስ ፊልጶስ የሚባል የሮማ መልእክተኛ አግኝቶት የእርቅ ተስፋ ሰጠው፤ ፐርሴዎስም አምኖ መልእክተኞቹን ወደ ሮም ላከ። ሮማውያን በዚያ ጊዜ ውስጥ ጦራቸውን አዘጋጁ፤ ማርክየስም ንጉሡን እንዴት እንዳታለለው በሴኔቱ ፊት ሲኩራራ፣ አንዳንድ ሽማግሌዎች ይህ የአባቶቻችን ወግ አይደለም ብለው ቅር ተሰኙ። በ171 ደግሞ ካሊኒኮስ በተባለ ስፍራ የፐርሴዎስ ፈረሰኞች ሮማውያንን አሸነፉ፤ ከ2,000 በላይ ሮማውያን ሞቱ። ያሸነፈው ንጉሥ ግን መልእክተኛ ልኮ አባቱ ሲከፍል የነበረውን ያህል ግብር ልክፈልና እንታረቅ አለ። የተሸነፉት ሮማውያን ያለ አንዳች ውል እጅህን ስጥ ብለው መለሱለት።

ይህ ለእኔ የሰውየው ቁልፍ ነው። ፐርሴዎስ ጦርነቱ ወደ መጨረሻው ድረስ የሚሄድ ሳይሆን በድርድር የሚቋጭ ይመስለው ነበር፤ አባቱ ፊልጶስ በ205ም በ197ም ተዋግቶ፣ ተደራድሮ፣ ዙፋኑ ላይ ቀርቷልና። ለእንዲህ ያለ ሰው ግምጃ ቤቱ ከጦርነቱ በኋላ ለሚመጣው ቀን ያስፈልገዋል፤ ካሣ የሚከፈለው፣ ሠራዊት ዳግመኛ የሚገነባው በእርሱ ነው። ሮማውያን ግን በዚህ ጊዜ ለመቄዶንያ ነገን ሊሰጧት አላሰቡም። ስሌቱ ከሥሩ የተሳሳተ ነበር፤ የተሳሳተ ስሌት ግን ከንፉግነት ይለያል። ስለ ጌንትየስ የሠራው ሥራ ግን ምንም ማስተባበያ የለውም፤ ወዳጅን እሳት ውስጥ አስገብቶ ውኃውን መከልከል ነው።

ምስክሩ የኖረበት ቤት

ፖሊቢየስ ማን ነበር? የአካያ ማኅበር በተባለው የግሪክ ከተሞች ኅብረት ከፍተኛ ሹም የነበረ ሰው ነው። ከፒድና በኋላ ሮማውያን ታማኝነታቸውን የጠረጠሯቸውን 1,000 አካያውያን ወደ ጣሊያን ሲያግዙ እርሱም አንዱ ሆነ። አብዛኞቹ በየገጠሩ ከተማ ተበተኑ፤ ከ16 ዓመት በላይ ቆይተው ሲለቀቁ 300 እንኳ አልሞሉም። ፖሊቢየስ ግን ሮም እንዲቀመጥ ተፈቀደለት፤ የተጠጋውም ከኤሚሊየስ ፓውሉስ ልጆች ጋር ነው። ታናሹ፣ በኋላ ካርቴጅን ያፈረሰው ስኪፒዮ፣ እንደ ልጅ ሆነለት። ወዳጅነታችን የተጀመረው መጻሕፍት በመዋዋስና ስለ እነርሱ በመጨዋወት ነው ብሎ ፖሊቢየስ ራሱ ጽፏል።

እነዚያ መጻሕፍት ከየት መጡ? ኤሚሊየስ ከምርኮው ለራሱ ወርቅም ብርም አልወሰደም ተብሎ ይመሰገናል፤ ልጆቹ የፐርሴዎስን ቤተ መጻሕፍት እንዲወስዱ ግን ፈቅዶላቸዋል። ፖሊቢየስ የተዋሰው ከዚያው መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር የለም፤ እኔ ግን ይህን ግምት መተው አልቻልኩም። ስለ ፐርሴዎስ ፍርሃት የምናነበውን ታሪክ የጻፈው ሰው፣ የፐርሴዎስን መጻሕፍት እያነበበ፣ ፐርሴዎስን በማረከው ሰው ቤት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ፖሊቢየስ ውሸታም ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ከጥንት ጸሐፊዎች መካከል ስለ ማስረጃ አብዝቶ የሚጨነቅ እርሱ ነው። ነገር ግን በዚያ ቤት ማዕድ ላይ ስለ ፒድና የሚነገረውን ማን ይናገር እንደነበር መገመት አያዳግትም። ስኪፒዮ በ17 ዓመቱ ከጦርነቱ ነበረ፤ ሸሺዎቹን ሲያሳድድ አምሽቶ አባቱ ሞቷል ብሎ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ በደም ተነክሮ የተመለሰ ልጅ ነው። ደግሞም የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል። ከ168 በኋላ በግሪክ ምድር ፐርሴዎስን ደግፎ የተናገረ ሰው ራሱን ለግዞት ያጭ ነበር፤ እርሱን መንቀፍ ግን ምንም አያስከፍልም። ፖሊቢየስ ራሱ የሮማ ጥርጣሬ በሰው ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል በግዞቱ የተማረ ሰው ነው።

የሚዛኑን መዛባት ለማየት ከመቄዶንያ በስተምዕራብ የነበረችውን ኤፒረስን ማስታወስ ይበቃል። በ167 ኤሚሊየስ ወደ አገሩ ሲመለስ በሴኔቱ ትእዛዝ የኤፒረስን 70 ከተሞች በአንድ ቀን አስዘረፈ፤ 150,000 ሰው በባርነት ተሸጠ። ከዚህ ሁሉ ለእያንዳንዱ ወታደር የደረሰው፣ በፕሉታርክ ቃል፣ 11 ድራክማ ብቻ ነበር። ፕሉታርክ ይህን ሲተርክ ድርጊቱ ከኤሚሊየስ የዋህ ባሕርይ ጋር የማይሄድ ነበር ብሎ ያዝንለታል። ለአንዱ 150,000 ሰው ተሸጦ ባሕርዩ የዋህ ሆኖ ይቀራል፤ ለሌላው በአንድ ከሰዓት በኋላ ያደረገው ወይም አደረገ የተባለው ባሕርዩ ሆኖ ይጻፍበታል።

ሐሰተኛው ፊልጶስ

ፐርሴዎስ በጣሊያን በአልባ ፉኬንስ ታስሮ ሞተ። ራሱን በረኀብ ገደለ የሚሉ አሉ፤ ጠባቂዎቹ እንቅልፍ ከልክለው ገደሉት የሚሉም አሉ። በሞቱ ላይ እንኳ ሁለት ቃል አለ። ልጁ እስክንድር የብር አንጥረኛ ሆኖ፣ የሮማውያንን ቋንቋ ተምሮ፣ የሹማምንት ጸሐፊ ሆነ ይባላል። መቄዶንያ አራት ቦታ ተከፈለች፤ በአራቱ መካከል ጋብቻና የመሬት ግዢ ተከለከለ፤ የወርቅና የብር ማዕድኖቿ ተዘጉ። በምትኩ ግብሩ ለነገሥታቱ ይከፈል ከነበረው በግማሽ ቀነሰላት።

ከ20 ዓመት ያህል በኋላ ከትንሹ እስያ አንድሪስኮስ የሚባል ሰው ብቅ አለና የፐርሴዎስ ልጅ ፊልጶስ ነኝ አለ። የሶርያው ንጉሥ ይዞ ለሮም አሳልፎ ሰጠው፤ ሮማውያን ንቀውት ነበርና አመለጣቸው። ከትሬስ ጦር ይዞ መቄዶንያ ገባ፤ መቄዶንያውያንም ተቀበሉት። ዩቬንትየስ ታልና የተባለውን የሮማ አዛዥ ከነጦሩ ደምስሶ ገደለው። በ148 ሜቴሉስ የተባለ ሌላ የሮማ አዛዥ እዚያው ፒድና ላይ እስኪያሸንፈው ድረስ አገሪቱን ይዞ ቆየ፤ ከዚያ በኋላ መቄዶንያ የሮማ ግዛት ሆና ቀረች። አራተኛው ጦርነት የሚባለው ይህ ነው።

ፖሊቢየስ በዚህ ነገር ግራ ተጋብቷል። መቄዶንያውያን ከሮማ ብዙ ጥቅም አግኝተው፣ ግብር ቀንሶላቸው፣ ከነገሥታት ቀንበር ወጥተው ሳለ፣ ጨካኝ ለሆነ አስመሳይ እንዲህ ጀግነው መዋጋታቸውን ሊረዳው አልቻለም፤ ለእውነተኛ ነገሥታቶቻቸው ተዋግተው ሲሸነፉ ለሐሰተኛው ተዋግተው ሮማውያንን አሸነፉ ይላል። ለሁሉ ነገር ምክንያት የሚፈልገው ይህ ጸሐፊ በመጨረሻ ከአማልክት የመጣ እብደት ነው ብሎ ተወው።

እኔ ግን ወደ ሰማይ መውጣት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። አንድሪስኮስ ሕዝብ ለማስነሣት የማንንም ስም መበደር ይችል ነበር፤ የእስክንድር ዘር ነኝ፣ የፊልጶስ 5ኛ የልጅ ልጅ ነኝ ብቻ ብሎ ማቆም ይችል ነበር። የመረጠው ግን የፐርሴዎስ ልጅ መሆንን ነው፤ አባቶቻቸው በፒድና ያለቁባቸው፣ የዚያን ቀን ንጉሡ የት እንደነበር ከማንም ይልቅ የሚያውቁ ሰዎችም ይህን ስም ሰምተው መሣሪያ አነሡ። ከመቄዶንያውያን ወገን በቃል የተጻፈ ምስክርነት አልደረሰንም፤ ይህ ግን ምስክርነት ነው፤ ከፖሊቢየስ ቃል ይልቅም ወደ ፖሲዶኒየስ ቃል ይጠጋል።